የእማማ ጫልቱ ሳር

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጎረቤቶቼ ከሚነግሯችሁ እኔ ብቀድም ይሻላል። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። የሠፈሩ ልጆች "ካሜራው" ይሉኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅና ኪስ ሲያይ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓይኑን የት ያሳርፈዋል? የእኔ ዓይን በሬ ላይ አረፈ። ቤቴ የካ ነው፤ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። በረንዳዬ ላይ ከተቀመጥኩ ከታች ከታክሲ የሚወርደውም ከላይ ከጫካው የሚመጣውም ሳላየው አያልፍም። አንዳንዴ ማንም ሳይመጣ ሲቀር እሱንም እጠረጥራለሁ።

ከበሩ ገባ ሲባል አንድ ግንዱ የተጣመመ አሮጌ ወይራ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ጀርባ ባለች ትንሽ ጎጆ እማማ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። አባቴ ግቢውን ሲገዛ እዚያው ነው ያገኛቸው። "ወይራውን ስገዛ እማማን ጨምረው ሰጡኝ" እያለ ይቀልድ ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። አንዲት ላም ነበረቻቸው። ማታ ማታ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ደጅ ይወጡና ወደ ኮተቤ፣ ወደ ካራ በኩል እያዩ ይቆማሉ። ላሟን የሚጠብቁ ነበር የሚመስለን። ላሟ ሞተች። እማማ ጫልቱ ግን ሳራቸውን ይዘው መቆማቸውን አልተዉም። እኛ ልጆች "እማማ፣ ላሟ ዘገየች?" እያልን ከበን እንዘፍንባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ።

ሊሞቱ ሲሉ እናቴን አደራ አሏት፤ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ ላይ እርጥብ ሳር አኑሪ ብለው። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ እሷም የሚሞት ሰው አትመረምርም። ቤተሰባችን ባጠቃላይ ነገሩ የላሟ ተዝካር ነው ብሎ ደመደመ። እናቴ ስትሞት አደራው ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ እኔ በስተርጅና ከልጄ ከትዕግሥት ጋር ወንጌል አማኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምሬያለሁ። ለሞተች ላም ሳር የሚያቀርብ ምእመን መሆኔን ሽማግሌዎቹ ቢደርሱበት ምን እንደሚሉ አስቡት። ስለዚህ በየመስከረሙ ልጄ ቢሮ ስትሄድ ጠብቄ፣ ግቢ የማጸዳ መስዬ፣ እንደ ሌባ አኖራለሁ።

በዚያ መስከረም ግን የተያዝኩ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ነው። ሳሩን ካኖርኩ ቀናት አልፈዋል። በረንዳ ላይ ሆኜ ስመለከት ሁለት ሰዎች በሬ ላይ ቆመዋል። አንዱ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ረጅም ዘንግ ይዘዋል። ሌላዋ ስልክ የያዘች ወጣት ናት። አያንኳኩም። አይጣሩም። ዝም ብለው ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያን የተላኩ ናቸው አልኩ በሆዴ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን በሩ ሥር ተከል ሲያደርጉ ደግሞ ሐሳቤን ለወጥኩ። ዛሬ በዚህ ከተማ አንድ ሰው አጥርህ ሥር ምልክት ሲያደርግ ልብህ የሚሄደው ወደ ጸሎት አይደለም።

በሩን ስንጥቅ ያህል ከፈትኩ። "ማንን ፈልጋችሁ ነው?"

"እንደምን አደሩ አባባ። ማንንም አይደለም" አለች ልጅቷ። "አያቴ ትንሽ ቆመው ነው የምንሄደው።"

"ለመቆም ታክሲ ተራው አይሻልም? እዚያ ሁሉም ሰው ነው የሚቆመው።"

"እዚህ ነው የፈለጉት።"

ሽማግሌው በራሴ አናት ላይ አሻግረው ወይራውን ያያሉ። እኔም አናቴን ከፍ አድርጌ ለመከለል ሞከርኩ፤ ቁመቴ ግን ለወይራ የሚበቃ አይደለም።

"እሺ፣ ግቡ እንጂ" አልኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ተቀምጦ የሚመረመር ሰው ቆሞ ከሚመረመር ይቀላል።

"አይገቡም።"

"ወንበር ላምጣ?"

በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ውኃስ?"

አሁንም ነቀነቁ። ፊታቸው እያዘነ ሄደ። አንዳች ነገር ከእኔ የሚጠብቁ፣ እኔም ባቀረብኩ ቁጥር የምሳሳት ዓይነት ነው። ዕድሜ ልኬን ትኬት ስጠይቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን ትኬት ተጠይቆ ኪሱን የሚዳብስ ተሳፋሪ ሆንኩ። ልጅቷ ወይራውን በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ "እግዜር ይስጥልን" ብላ አያቷን ይዛ ሄደች።

በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ እንደገና ከፈትኩና ዘንጉ የተወውን ጉድጓድ በስንዝሬ ለካሁት። ምን እንደማደርግበት አላውቅም፤ መለካቱ ግን ልቤን ትንሽ አሳረፈው።

ማዶ ወዳለው ወደ ጀማል ሱቅ ተሻገርኩ። ጀማል የሠፈሩን ነገር ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነው፤ ስለዚህ እሱንም እጠረጥረዋለሁ።

"አየሃቸው?"

"ሽማግሌውንና ልጅቷን? ትናንት እላይ ሠፈር ነበሩ ጋሼ። በየሰው ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ሲሏቸው አይገቡም፣ ውኃ ሲሰጧቸው አይጠጡም።"

"ምን ፈልገው ነው?"

"አንዱ ደላላ ናቸው ይላል፣ አንዱ የጠበቃ ሰዎች ናቸው ይላል። አንዷ ደግሞ ድግምት ነው ብላ ደጇን በውኃ አጠበች።"

"አንተስ?"

"እኔማ ካሜራው ያጣራዋል ብዬ ነው የተቀመጥኩት" አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

በነጋታው ቅዳሜ ከበረንዳዬ ሆኜ ስጠብቅ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ በኩል ሲያዘግሙ አየኋቸው። ተከተልኳቸው። ተቆጣጣሪ ሰው መከተል ያውቃል፤ ጉልበቱ ግን አያውቅም። ሽማግሌው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ እኔ ግን ከኋላ እያለከለክሁ ነው። አንድ ምንጭ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። እኔም ከባሕር ዛፍ ኋላ ተደበቅሁ፤ ዛፉ ቀጭን እኔ ወፍራም፣ ተደበቅሁ ካላችሁት።

ሽማግሌው በዘንጋቸው ቁልቁል እያመለከቱ በዝግታ ይናገራሉ፤ ልጅቷ ስልኳን አፋቸው ሥር ይዛለች። የገበያ ኦሮምኛ እችላለሁ። ጆሮዎቼ ካልዋሹኝ፣ ሽማግሌው ከብት ከምንጩ ጠጥቶ ሲመለስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በተራ እየጠሩ ነው። ይሄ የእገሌ ሜዳ፣ ይሄ የእገሊት መሻገሪያ፣ ይሄ ሽማግሌ የሚቀመጥበት። ዛሬ ፎቅ በቆመበት፣ አስፋልት በተዘረጋበት ሁሉ ላይ ሰው አለ፣ ስም አለ። ወደ እኛ ሠፈር ሲደርሱ ዘንጉ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንድ ቦታ ዘለሉና ቀጠሉ።

በዚህ መሐል አስነጠሰኝ። ባሕር ዛፍ ሥር ተወልጄ ባሕር ዛፍ የሚያስነጥሰኝ ሰው ነኝ።

ልጅቷ ዞረች። "አባባ፣ ይውጡ፤ ሆድዎ ይታያል።"

ወጣሁ። ሽማግሌው አንድ ነገር አሉ፣ እሷም ሳቋን ዋጠች።

"ምን አሉ?"

"ይቅርታ አባባ። 'ጅብ ነው፤ ከኋላ ብቻ ነው የሚመጣው' አሉ።"

"በደጄ ዘንግ የሚተክለው ማን ሆነና ነው እኔ ጅብ የሆንኩት?" አልኩ። "ምንድን ናችሁ? ምን ትመዘግባላችሁ? ቤቴን ነው የምትፈልጉት?"

ሌሊሴ እባላለሁ አለች፤ ኮተቤ የታሪክ መምህርነት ትማራለች። ሽማግሌው ኦቦ በዳሳ ይባላሉ። ወገኖቻቸው ከተማው ሳይደርስ የዚህ ተራራ ነዋሪዎች ነበሩ። መሬቱ ለሹም ተሰጠ ተባለና፣ የኦቦ በዳሳ አባት ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ከብቱን ነድቶ ከካራ ወዲያ ወረደ። አባትየው የቦታዎቹን ስም ለልጃቸው በቃል አስጠኑ። ነገ እሑድ ካራ ላይ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ኦቦ በዳሳ ስሞቹን በተራ ይናገራሉ፣ ልጆች ይሰማሉ።

"አንድ ቦታ ጎድሎናል" አለች። "የራሳቸው ደጅ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀርታ ነበር፤ የአባታቸው ታላቅ እህት። በእኛ ቤት ወግ ነው፤ የሄዱት የሚመለሱበት ደጅ እንዳይጠፋ አንድ ሰው ይቀራል። ሲመለሱ ዘው ብለው አይገቡም። ከቤት የሚወጣ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣቸዋል፣ ያን ጊዜ ይገባሉ።"

"ምን ዓይነት ምልክት?"

"አይነገርም።"

"ካልነገራችሁ ማን ያውቅላችኋል?"

"ከነገርንማ ሁሉም ሰው ያመጣልናል አባባ። እላይ ሠፈር አንድ ሰውዬ ታሪክ ይመዘገባል ሲባል ሰምቶ የሌለ አያት ፈጠረልን። ካሳ አለው መስሎት።" እንደ ማፈር አለች። "እውነቱን ልንገርዎ? እኛም እርስዎን ጠርጥረናል።"

ይሄ አስደሰተኝ። ለስንት ዘመን ስጠረጥር፣ እኔን የጠረጠረኝ ሰው አልነበረም።

"የቀረችው ሴትዮ ስሟ ማን ነበር?" አልኩ።

ኦቦ በዳሳ በአማርኛ መለሱልኝ። "እኔ አልነግርህም። የምታውቅ ከሆነ አንተ ንገረኝ።"

አንተ አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንተ የሚለኝ ሰው ከየት ይገኛል? አንድ ስም አፌ ላይ መጥቷል። ብናገረውስ? ስልኩ እንደተከፈተ ነው።

"እኔ ምን አውቄ" አልኩና ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።

ስወርድ ግን ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ተቆጣጣሪ ነኝ እላለሁ እንጂ ምኑን ተቆጣጠርኩት? ለላም ሳር የያዘ ሰው ወደ ጎጆው ጀርባ ይሄዳል እንጂ፣ ደጅ ወጥቶ የካራን መንገድ ያያል? ላሟ ሞታ ሳሩ ለምን እንደቀጠለ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ሁሉን ስጠረጥር ኖሬ፣ መጠርጠር የነበረብኝን እሱን ብቻ በዘፈን አለፍኩት።

ቤት ስደርስ ትዕግሥት ምሳ አቅርባለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ላብ እያጠመቀኝ የድንጋዩንም ሳር ጨምሬ።

"የሳሩን አውቃለሁ" አለች። "ሲደርቅ በየዓመቱ የሚያነሳው ማን መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ተደብቀህ ስታደርገው ደስ የሚልህ መሰለኝ።" ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። "አባዬ፣ እንዳትናገር ግን። ስልክ ላይ ይቀዳሉ አልክ። የእነሱ ነበር ብለህ በአፍህ ከተናገርክ ነገ ወረቀት ይዘው ቢመጡስ? ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለን?"

"ልጅቷ እንደዚያ አትመስልም።"

"አንተ ነህ ይሄን የምትለው? የወተት ሻጩን መታወቂያ የጠየቅከው ሰውዬ?"

እውነቷን ነው። ስለዚህ ዝም ለማለት ወሰንኩ፤ ደግሞም የተሻለው ይኸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀኑ ዘንበል ሲል መጡ። በቆርቆሮው በር ስንጥቅ አየኋቸው። ኦቦ በዳሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ዘንጉ ላይ አድርገው ቆሙ። አላንኳኩም። እኔም አልከፈትኩም። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሆነን ትንፋሽ እንሰማማለን።

ያኔ ነው የቆሙበትን ቦታ ያስተዋልኩት። እማማ ጫልቱ የሚቆሙባት ቦታ ናት፤ ልክ እሷው። እሳቸው ወደ ውጭ እያዩ ዘመናቸውን ጨረሱ። ይኸው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ወደ ውስጥ እያዩ ቆመዋል። መሐል ላይ ያለሁት እኔና ቆርቆሮዬ ነን።

ወደ ድንጋዩ ዞርኩ። ያኖርኩት ሳር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ይሄ አይሆንም፤ እማማ ደረቅ ሳር ይዘው ቆመው አያውቁም። ማጭድ አንስቼ ከጓሮው በታች ወዳለው ወንዝ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ በእኔ አቅም ማለቴ ነው። ቁልቁለቱ አንሸራትቶ በመቀመጫዬ አወረደኝ፤ እዚያው በተቀመጥኩበት አጨድኩ። ጭቃ ለብሼ፣ እቅፍ ሳር ይዤ ስመለስ በሩ ላይ ማንም የለም። የዘንጉ ጉድጓድ ብቻ አለ።

"ወደ ታክሲው ወረዱ ጋሼ" አለ ጀማል ከሱቁ። ከዚያ በደንብ አየኝ። "ምን ሆኑ?"

ሳሩን እንዳቀፍኩ ቁልቁል ወረድኩ። ታች ስደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው፤ ሌሊሴ በመስኮት ትታየኛለች። መንገዱ መሐል ገብቼ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ እንደ ድሮው፣ መዳፌን ወደ ሾፌሩ አድርጌ። ስንቱን አውቶቡስ ያስቆመች እጅ ናት። ሚኒባሱ ቀጥ አለ።

ረዳቱ አንገቱን አወጣ። "ፋዘር፣ ሳሩ ለብቻው ወንበር ይይዛል?"

"ሰው ነው የማወርደው" አልኩት።

ኦቦ በዳሳ ወረዱ። ሳሩን አዩ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም። "እዚህ አይደለም" አሉ።

ዳገቱን እንደገና ወጣነው። በሩ ጋ ስንደርስ እሳቸው ውጭ ቆሙ። እኔ ገብቼ በሩን ሁለቱንም ክንፍ ከፈትኩት፤ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሁለቱ ተከፍተው አያውቁም፣ አንዱ ዝጎ አስቸገረኝ። ከዚያ ሳሩን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉ። አሸተቱት። ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ለእኔ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ነው እግራቸውን ያነሱት።

የቀራቸውን ድንጋዩ ላይ አኖሩ። "አሁን ስሟን ንገረኝ" አሉ።

"ጫልቱ።"

ወይራውን ተደግፈው ዝቅ ብለው ተቀመጡ። "ስትሞት ማን ነበር አጠገቧ?" አሉ።

"እናቴ ነበረች። እላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበሩ። መቃብራቸውን አሁን አላውቀውም።"

"ጠበቀችን?"

"በየማታው። ላሟ ከሞተችም በኋላ" አልኩ። "እኛ ላሟን የሚጠብቁ መስሎን እንስቅባቸው ነበር።"

ኦቦ በዳሳ ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አሁንም አላውቅም። "ላሟን" አሉ። "ላሟን ጠበቀች።"

ሌሊሴ ስልኳን አወጣች። ወዲያው ግን አልከፈተችውም። "ልቅዳ አባባ? ካልፈለጉ ይቅር።"

ዞር ስል ትዕግሥት የቤቱ በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደወጣች አላየሁም። ከዚያ ከበረንዳዬ ወንበሬን አንስታ አምጥታ ወይራው ሥር አስቀመጠችልኝ።

"ቁጭ በል" አለችኝ። "ደግሞ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ስታጉረመርም አይሰማም።"

ተናገርኩ። ይህ ግቢ ከእኛ በፊት የእነ ጫልቱ ደጅ ነበር አልኩ። አባቴ ይቀልድ የነበረውን ቀልድ ሳይቀር ተናገርኩ፤ ስናገረው አላሳቀኝም።

በነጋታው ካራ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ለምን እንደቀረሁ ልጄ ለሽማግሌዎቹ ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅሁም። ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ሕፃናት ጭምር በተሰበሰቡበት፣ ኦቦ በዳሳ ከምንጩ ጀምረው እየጠሩ ወረዱ። እኛ ሠፈር ሲደርሱ ዘንጉ አየር ላይ አልቀረም። "የጫልቱ ደጅ" አሉ፤ ልጆቹም ተቀብለው አሉት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን ቦታ ስም ያን ቀን ሰማሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬዬን ተውኩ ብላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ድምፄ የሰው ስልክ ውስጥ አለ። መኪና ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር ዛሬም ታርጋውን እጽፋለሁ። እስካሁን ወረቀት ይዞ የመጣ የለም፤ እስካሁን ብያለሁ። ትዕግሥትም አልፎ አልፎ በአጥሩ ታያለች፤ ሳያት ልብስ የምታሰጣ ትመስላለች። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ የምጠረጥረው የሚመጣውን ሰው ነበር፤ አሁን የማውቀውን እጠረጥራለሁ። እስቲ እናንተም ደጃችሁን እዩት። ቤታችሁ ውስጥ ትርጉሙን ሳታውቁት የምታደርጉት፣ "እናቴ ታደርገው ነበር" ብላችሁ የምታልፉት ነገር ካለ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ማን እየጠበቀው ሊሆን እንደሚችል አይታወቅም።

ሌሊሴ እንደነገረችኝ ያኔ ወደ ካራ ያልወረዱ፣ በሌላ አቅጣጫ የሄዱ ሌሎች ወንድሞችም ነበሩ። የደረሱበት አልታወቀም። ስለዚህ በመስከረም፣ ቀኑ ዘንበል ሲል፣ እርጥብ ሳር ይዤ ደጄ ላይ እቆማለሁ፤ በግልጽ፣ ልጄ እያየችኝ። ለጊዜው የምጠረጠረውም እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ላም ገዙ እንዴ?" ይለኛል ጀማል ከማዶ።

"አዎ" እለዋለሁ። "ትንሽ ዘገየች።"